ስማችን በአበዳሪው መዝገብ ምን ተብሎ ተጽፏል?



ሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ.) ዘንድ አንድ ሰው ስለ ሌላው መልካምነት ሊመሰክር በቀረበ ጊዜ፣ ጎረቤቱ እንደሆነ፣ አብሮት ተጉዞ እንደሚያውቅና በገንዘብ ተገበያይቶት እንደሆነ እንደጠየቁት ዑለማዎች ይተርካሉ። ሰውየው ሦስቱንም አላደረገም ነበርና ምስክርነቱን አልተቀበሉትም። የሰው ታማኝነት በመስጊድ ሶፍ ብቻ ሳይሆን በዲናርና በዲርሃምም ይታወቃል ማለት ነው።

ዛሬ ከመገናኛ እስከ ቦሌ ሚካኤል፣ ከገርጂ እስከ ሰሚት በየሕንፃው ሥር የተደረደሩት የባንክ ቅርንጫፎች የሚጠይቁትም ይህንኑ ሦስተኛውን ጥያቄ ነው። ልዩነቱ ጎረቤት አለመጠየቃቸው ነው። የሚጠይቁት መዝገብ ነው። በሾላ ገበያ ለዓመታት እቁቧን አንድም ቀን ሳታጓድል የጣለች እናት በዚህ መዝገብ ላይ ስሟ ላይኖር ይችላል። በአንጻሩ የአንድ ወጣት ስም እሱ በረሳው ዕዳ ምክንያት በመጥፎ ተመዝግቦ ይገኛል። ስለዚህ መዝገቡን ማወቅ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አስፈላጊ ሆኗል።

ባንኩ “መረጃህ ጥሩ አይደለም” ሲል በቅድሚያ የትኛው መረጃ እንደሆነ መለየት ይገባል። ሦስት ናቸውና።

የመጀመሪያው በኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሥር ያለው የብድር መረጃ ማዕከል ነው። መመሪያው እ.ኤ.አ. በ2004 ወጥቶ በ2012 በአዲስ መልክ ተጠናክሯል። ባንኮች የሰጡትን ብድር እዚያ ያስመዘግባሉ፤ ለአዲስ አመልካች ከመስጠታቸው በፊትም መረጃውን ከዚያ ያያሉ። ከየትኛው ባንክ ምን ያህል ተበደረ? በጊዜው ከፈለ ወይስ አዘገየ? የሚታየው ይህ ነው። ክፍያው 90 ቀን ካለፈው ብድሩ ከተበላሹት ተርታ ይመደባል።

“እኛ ከወለድ ነፃ ነው የምንጠቀመው፤ ይህ አይመለከተንም” የሚሉ ወንድሞች አሉ። ስህተት ነው። ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሙሉ ከወለድ ነፃ ባንክ ሆኖ ሥራ ጀመረ፤ ሂጅራ ባንክም ተከተለ። ሌሎች ባንኮችም እንደ ሲቢኢ ኑር ያሉ መስኮቶች አሏቸው። በሙራበሓ የተገዛ ዕቃ ዋጋው እስኪከፈል ድረስ ዕዳ ነው፤ እንደ ዕዳም ይመዘገባል።

ሁለተኛው ባንኩ ራሱ ለደንበኛው የሚሰጠው ግምገማ ነው። የሒሳብ እንቅስቃሴን፣ የንግዱን ገቢና መያዣን ይመዝናል። በአንዱ ባንክ የወደቀ ሰው በሌላው የሚያልፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው በስልክ የሚሰጠው ብድር ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ተጀምሮ በቀጣዩ ዓመት የብድር አገልግሎት አክሏል። እዚህ የብድሩን መጠን የሚወስነው ማሽን ነው፤ የስልክ አጠቃቀማችንንና የገንዘብ ዝውውራችንን አይቶ ነጥብ ይሰጣል። ወጣቶቻችን ነጥባቸው ከፍ እንዲልላቸው ብለው ደጋግመው ሲበደሩ ይታያል። የሚከፈለው ክፍያ ሪባ መሆን አለመሆኑን ዑለማዎችን ሳይጠይቁ እዚህ ውስጥ መግባት አይገባም። ነጥብ ለማሳደግ ሐራም ላይ መውደቅ ትርፉ ኪሳራ ነው።

በባሕር ማዶ ያሉ ወገኖቻችን ይህን ጣጣ ቀድመው አይተውታል። በአሜሪካ ፋይኮ የሚባለው ከ300 እስከ 850 የሚደርስ ነጥብ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ይሠራበታል። ሆኖም ሰው በስልኩ በነፃ የሚያየው ነጥብና አበዳሪው የተጠቀመበት ነጥብ ብዙ ጊዜ አይገጥሙም። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ሕግ በነጥብ ምክንያት የከለከለ አበዳሪ ያንኑ የተጠቀመበትን ቁጥር ለተከለከለው እንዲያሳውቅ አዝዟል።

ይህ ለእኛ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። የሐዲስ ሊቃውንት ራዊዎችን ሲመረምሩ፣ ታማኝነቱ የታወቀን ሰው ምክንያቱ ባልተገለጸ ነቀፋ አይጥሉም ነበር። ነቃፊው ምክንያቱን ማብራራት ነበረበት። ባንክም የከለከለውን ሰው ለምን እንደከለከለው ቢነግረው አደራውን ተወጣ።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. ስማችንን እናስተካክል። መሐመድ፣ አሕመድ፣ ፋጡማ የሚሉት ስሞች በመካከላችን ብዙ ናቸው። በላቲን ፊደል ሲጻፉ ደግሞ በየመዝገቡ አጻጻፋቸው ይለያያል። የአንዱ ዕዳ በሌላው ስም እንዳይታይ፣ በባንክ፣ በግብር መለያ ቁጥርና በፋይዳ መታወቂያ ላይ ያለው ስም አንድ ዓይነት መሆኑን እናረጋግጥ።

2. በጽሑፍ እንጠይቅ። አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ማንኛውም ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን የግል መረጃ የማወቅና ስህተቱን የማሳረም መብት ሰጥቶታል። ማመልከቻው “የብድር መረጃዬን” ብቻ አይበል፤ “ማመልከቻዬን ስትመለከቱ ያያችሁትን የብድር መረጃ” ይበል። ቀኑ ይጻፍበት፤ ቅጂውም ቤት ይቀመጥ።

3. ስህተት ከተገኘ መረጃውን ወደ ላከው ባንክ እንሂድ። ከፍለን የጨረስንበትን ደረሰኝ ይዘን ለቅሬታ ሰሚው እናቅርብ። ምላሽ ካጣን ወደ ብሔራዊ ባንክ ማመልከት እንችላለን፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የፋይናንስ ሸማቾች ጥበቃ መመሪያ ለዚህ ነው።

4. ዕዳ ስንጨርስ ከዕዳ ነፃ መሆናችንን የሚገልጽ ደብዳቤ ሳንቀበል አንውጣ። በስማችን የወጣ ሲም ካርድ ለሌላ ሰው አንስጥ፤ በሱ የተወሰደው ብድር የኛ ነውና። ዋስ ሆነን ስንፈርምም ባለዕዳው ካልከፈለ ዕዳው ወደኛ እንደሚዞር እናስብ። ስንቅ የሌለው ቼክ መጻፍማ ከነውርም አልፎ ወንጀል ነው።

ውድ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ የሱረቱል በቀራ 282ኛው አንቀጽ፣ ዕዳን ስለ መጻፍ የወረደ ነው። ጸሐፊው በፍትሕ እንዲጽፍ አላህ (ሱ.ወ.) አዟል። ሁለት አንቀጽ ከፍ ብሎ በ280ኛው ደግሞ የተቸገረ ባለዕዳ ጊዜ እንዲሰጠው ታዟል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዕዳ ያለበት ሟች ሲቀርብላቸው፣ አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ.) ዕዳውን እስኪረከቡለት ድረስ አልሰገዱበትም። እንግዲህ የባንኩን መዝገብ ለማስተካከል የምንደክመውን ያህል፣ ለጎረቤትና ለዘመድ ያለብንን ያልተጻፈ ዕዳም ቤተሰቡ ተሰብስቦ በአንድ ደብተር ይጻፈው። ያኛው መዝገብ ሁሉንም ይዟልና።

አላህ ከዕዳ ሸክም ይጠብቀን። አሚን።