ከባህል ቀን ባሻገር

በሰሜን አሜሪካ ትምህርት ቤቶች «የባህል ቀን» ሲደርስ የሐበሻ ቤት ኩሽና ሥራ ይበዛበታል። እናት ሳምቡሳ ትጠብሳለች፤ ልጅ ጥልፍ ቀሚሷን ለብሳ ትሄዳለች፤ መምህራኑ ያጨበጭባሉ። መጥፎ አይደለም። ነገር ግን ልጅቱ ስለ ሜክሲኮ ወይም ስለ ቬትናም ይዛ የምትመለሰው የምግብ ስም ብቻ ነው። ጓደኞቿም ስለ ኢትዮጵያ ከዚያ የተሻለ አያውቁም።

የሰው ዕውቀት ፍለጋ አገር ማቋረጥ ለእኛ እንግዳ ነገር አልነበረም። ጋይንት ያለችው ቤተ ልሔም የድጓ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያኑ የዜማ መጽሐፍ፣ ማስመስከሪያ ናት። ጎጃም፣ ወሎ ወይም ሸዋ ዜማ የጀመረ ተማሪ በድጓ ሊመሰክር ሲሻ ወደዚያ ይወጣል። የማያውቀው ሰፈር ጎጆ ቀልሶ፣ ቁራሽ ለምኖ፣ ከየኔታ እግር ሥር ቁጭ ብሎ ዓመታት ይገፋል። ዝማሬ መዋሥዕት የፈለገ ዙር አምባ፣ ቅኔ የፈለገ ዋሸራ ይሄዳል። በድጓውም ቢሆን ከቤተ ልሔም ሌላ የቆማና የአጫብር ስልቶች አሉ። «የአገሬ ይበቃኛል» ያለ ተማሪ ከንባብ ቤት ብዙ አይርቅም ነበር።

ይህን ማጋነን ግን አይገባም። ሁሉም በአንድ ሃይማኖት ጥላ ሥር ነው፤ የአብነት ትምህርት ቤት መንዙማ አያስተምርም፣ የቤተ እስራኤልንም ጸሎት አያስጠናም። ያንን አጥር የተሻገሩት የውጭ አገር ሰው ሆኑ።

አሜሪካዊቷ የሙዚቃ ተመራማሪ ኬይ ካውፍማን ሼሌሜይ በ1973 እ.ኤ.አ. ጎንደር አካባቢ የሄዱት የቤተ እስራኤልን የጸሎት ዜማ ለማጥናት ነበር። የጥንት የአይሁድ ቅርስ አገኛለሁ ብለው ጠብቀው ነበር፤ ያገኙት ግን ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ዜማና ጸሎት ጋር በብዙ መንገድ የተሳሰረ ሥርዓት ሆነ። የአንዱን ለመረዳት የጎረቤቱን መማር ግድ ሆነባቸው፤ ፊታቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዜማ አዞሩ። ከተመራማሪው ፒተር ጄፈሪ ጋር ያዘጋጁትና ከ1993 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. በ3 ቅጽ የታተመው ሥራ የተመሠረተው በቤተ ልሔም ስልት ላይ ነው። የጋይንት ድጓ የሙዚቃ ተማሪ በሚያነብበት መደርደሪያ ላይ ቦታ ያገኘው እንዲህ ነው። በሳምቡሳ አይደለም።

ቶሮንቶ ሌላ ምሳሌ ናት። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የግዕዝ ትምህርት የተጀመረው በመምህራንና በማኅበረሰቡ መዋጮ ሲሆን፣ የኢትዮጵያውያን ልጅ የሆነው ድምፃዊ ዘ ዊኬንድ በ2016 እ.ኤ.አ. 50,000 ዶላር ለግሷል። ትምህርቱ ኢትዮጵያዊ ላልሆነም ተማሪ ክፍት ነው፤ ትልቁ ቁም ነገርም ይኸው ነው።

ብዙ ወላጆች የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ላይ ገንዘባቸውንም ጉልበታቸውንም ያፈሳሉ፤ ይበል ያሰኛል። ልጁ ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚውልበት ክፍል ግን ተረስቷል። የታሪክ መምህሩ አፍሪካን በስንት ሳምንት ይጨርሳል? የትኛውን መጽሐፍ ይዞ? የወላጆች ስብሰባ ላይ እጅ አውጥቶ ይህን የሚጠይቅ፣ ስለ ቅዱስ ያሬድ የአንድ ክፍለ ጊዜ ትምህርት አዘጋጅቶ የሚያቀርብ፣ የቬትናሟ እናት ተራዋ ሲደርስም ስልኩን ሳይነካካ የሚያዳምጥ ሐበሻ ገና ጥቂት ነው።