ለደጅ ጥብስ የእጅ ዕቃ ስትገዙ



በዓል ሲደርስ ወይም ወዳጅ ዘመድ በእሑድ ቀን ሲሰበሰብ፥ በግቢ ውስጥ ከሰል አቀጣጥሎ በብረት ፍርግርግ ላይ ሥጋ መጥበስ በየቤቱ የተወደደ ነገር ነው። በወጥ ቤት ውስጥ ጭልፋ ይዞ የማያውቀው ባል እንኳ በዚያን ቀን ሽርጥ ታጥቆ ከእሳቱ ፊት ይቆማል። ሚስቱም ደስ ይላታል፤ ደስታዋ ግን እጁ እስኪለበለብ ድረስ ነው። ስለ ሥጋው ምርጫና ስለ አዋዜው ብዙ ይነገራል፤ ሥጋውን ስለሚያነሣውና ስለሚገለብጠው ዕቃ ግን የሚያስብ ጥቂት ነው። የገበታ ሹካ ከመሳቢያ ይወጣና ጣት ከፍም ጋር ይጋፈጣል። ስለዚህ የዛሬውን ዐምዳችንን ለዚህ ጕዳይ ሰጥተነዋል።

መጀመሪያ ስለ ሣጥኑ እንናገር። በመደብሮች መስኮት፥ አንዳንዴም ከውጭ አገር በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ፥ ባማረ ሣጥን የተደረደረ የጥብስ ዕቃ ታያላችሁ። ሲከፈት ያስደንቃል፤ ቢላው፥ ሹካው፥ ብሩሹ፥ የበቆሎ መያዣው ሳይቀር እንደ ሐኪም መሣሪያ ተሰልፏል። ነገር ግን ዋጋው ለዐሥራ አምስት ዕቃ ስለ ተከፋፈለ ለእያንዳንዱ የደረሰው ብረት ስስ ነው፤ ከመካከላቸውም ሁልጊዜ እጃችሁ የሚገባው ከሦስት አይበልጥም። በዚያው ገንዘብ አንድ ጠንካራ መቆንጠጫና አንድ ደኅና መገልበጫ መግዛት ይሻላል። ስጦታ ከሆነ ግን በምስጋና ተቀበሉት፤ ሌላው ቢቀር ሣጥኑ ለመርፌና ለክር ማኖሪያ ይሆናል።

ከሁሉ የሚበልጠው መቆንጠጫው ነው። ሥጋውን የሚያነሣ፥ የሚገለብጥ፥ እሳቱ ከበረታበት ወደ ለዘበበት ስፍራ የሚያዛውር እርሱ ነውና፥ ገንዘብ የምትቈጥቡበት ዕቃ አይሁን። ርዝመቱ ከ35 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ቢሆን መልካም ነው። ሜትር ባትይዙም፥ አባቶቻችን ሸማ የሚለኩበት ክንድ ከእናንተ ጋር አለ፤ ከክርናችሁ እስከ መካከለኛው ጣታችሁ ጫፍ ካለው ርዝመት ጥቂት የሚያንሰውን ምረጡ። ከዚህ እጅግ ያጠረ እንደ ሆነ የእጅ ጀርባ ይለበለባል። እጅግ የረዘመ እንደ ሆነ ደግሞ ጫፉ ላይ የሚደርሰው የመጭመቅ ኀይል ያንሳል፤ ሥጋውም ከፍርግርጉ ወደ ሳሕን ሲሄድ በመንገድ ይወድቃል። ረጅሙን ሁሉ ደግ አድርጎ የሚያሳያችሁ ሻጭ ይህን አይነግራችሁም።

ሳትከፍሉ በፊት በዚያው በመደብሩ ጠረጴዛ ላይ ፈትኑት፤ ለዚህ ማፈር አያስፈልግም። የ1 ብር ሳንቲም በጠረጴዛው ላይ አኑሩና በመቆንጠጫው አንሡት፤ ሁለቱ ጫፎች በትክክል የማይገጥሙ ከሆነ ሳንቲሙ አይነሣም። ቀጥሎ ከባድ ነገር፥ ለምሳሌ ከዘንቢላችሁ አንድ ትልቅ ድንች፥ በእርሱ ያዙና አወዛውዙ። ከዚያ ሁለቱን ክንዶች አንዱን ወደ ግራ፥ አንዱን ወደ ቀኝ ገፋ አድርጉ፤ እንደ መቀስ የሚተላለፉ ከሆነ ጐድን ሲሸከሙ ይጣመማሉ። በመጨረሻም ሞላውን ሃያ ጊዜ ያህል ጨምቃችሁ ልቀቁት። እጃችሁ በሃያው ከደከመ፥ ግማሽ ሰዓት ከእሳት ፊት ስትቆሙ ምን ሊሆን ነው? የጫፉ ጥርስ ለስላሳና ክብ ሞገድ ያለው ይሁን፤ የሾለ ጥርስ ሥጋውን ይቦጫጭቃል። ጠርዙንም በጣታችሁ ዳስሱት፤ የሚቈርጥ ከሆነ መልሱት።

ስለ ብረቱ ዐይነት ብዙ ከንቱ ወሬ አለ። አንዳንድ ሰው ማግኔት ይዞ ይዞርና የተሳበውን ሁሉ «ይህ የማይዝግ ብረት አይደለም» ይላል። ይህ ስሕተት ነው። የማይዝግ ብረት የሚባለው ቢያንስ 10.5 ከመቶ ክሮሚየም ያለበት ነው፤ ከእነዚህም መካከል ማግኔት የሚስባቸው ደኅና ዐይነቶች አሉ። አሉሚኒየም ግን ለዚህ ሥራ አይመረጥም፤ ሙቀትን ከማይዝግ ብረት ከዐሥር እጥፍ በላይ ስለሚያስተላልፍ እጀታው ቶሎ ይግላል፥ ፍም ላይ ከተረሳም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል። ናይለን የለበሰው ጫፍ ደግሞ ከ220 እስከ 260 ዲግሪ ባለው ሙቀት ስለሚቀልጥ ለቤት ውስጥ መጥበሻ እንጂ ለፍም አልተሠራም። እጀታው እንጨት ከሆነ በሙጫ ብቻ የተጣበቀውን ትታችሁ በሁለት የብረት ሪቬት የተያዘውን ውሰዱ። ወይራን የመሰለ ጠንካራ እንጨት ከተገኘ ደስ ይበላችሁ፤ ብቻ በውኃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ አታሳድሩት።

ከውጭ የመጣው ዕቃ ዋጋው ከከበዳችሁ መርካቶ ምናለሽ ተራ አለላችሁ። በዚያ ያሉ ባለሙያዎች ከአሮጌ ብረት የማይሠሩት ነገር የለም፤ በክንዳችሁ ልክ አዝዛችሁ የምታሠሩት መቆንጠጫ ከብዙዎቹ የሣጥን ዕቃዎች ይልቅ ዕድሜ አለው። ነገር ግን አንድ ጥያቄ በትሕትና ጠይቁ፤ «ወንድሜ፥ ይህ ብረት ቀድሞ ምን ነበር?» በሉ። የቤት ክዳን ቆርቆሮን የመሰለ ዚንክ የተለበጠበት ብረት ለምግብና ለእሳት አይሆንም። ዚንክ በ420 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ የተራገበ ፍም ደግሞ ከዚህ እጅግ ይበልጣል፤ ዚንኩ በብርቱ እሳት ሲቃጠል የሚወጣውን ጢስ የሳበ ሰው ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ይይዘዋል። ሎሚና ቲማቲምም ዚንኩን እየበሉ ወደ ምግቡ ይጨምሩታል። ቀለም የተቀባ፥ የዘይት በርሜል ወይም የባትሪ ዕቃ የነበረም እንዲሁ ይቅር። ያልተለበጠ ጥቁር ብረት ይበቃል፤ ከታጠበ በኋላ አድርቃችሁ ጥቂት የምግብ ዘይት ብትቀቡት አይዝግም።

መገልበጫው በተለይ ዓሣ ለሚጠብስ ያስፈልጋል። ሙሉ ቆሮሶ ከፍርግርጉ ጋር ሲጣበቅ መቆንጠጫ ወገቡን ይሰብረዋል፤ ፊቱ ሰፊ፥ ጠርዙ ስስ የሆነ መገልበጫ ግን ከሥሩ ገብቶ ያነሣዋል። ረጅሙ ሹካ ሥጋውን ከእሳት ካወረዳችሁ በኋላ ለመቍረጥ ሲያዝ እንጂ ለመገልበጥ አይጠቅምም፤ የወጋው ቀዳዳ ስብና ጭማቂ ወደ ፍሙ እያንጠባጠበ ነበልባል ያስነሣል። ሥጋ የምትሰኩበት ዘንግ ጠፍጣፋ ይሁን። በድቡልቡል ዘንግ ላይ ዘንጉ ሲዞር ሥጋው ባለበት ይቀራልና አንድ ወገኑ ብቻ ያርራል።

አሁን ወደ ብሩሹ እንምጣ፤ አደገኛው ዕቃ እርሱ ነው። የሽቦ ብሩሽ ሲያረጅ ቀጫጭን ሽቦዎቹ ይረግፋሉ፤ በፍርግርጉ ላይ ተጣብቀው ይቀሩና በሥጋው ይገባሉ፤ በጥብስ ውስጥ ያለችን የፀጕር ያህል የቀጠነች ሽቦ ደግሞ ዐይን አያያትም። የአሜሪካ የበሽታ መቈጣጠሪያና መከላከያ ማእከል እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጽሑፍ፥ በሮድ አይላንድ ግዛት በፕሮቪደንስ ከተማ ከማርች 2011 እስከ ጁን 2012 ባለው ጊዜ ስድስት ሰዎች እንዲህ ያለ ሽቦ ውጠው መታከማቸውን ገልጿል። አንዳንዱን ጕሮሮው ላይ ወግታዋለች፤ አንዳንዱን ደግሞ አንጀቱን በስታ በአስቸኳይ ለቀዶ ሕክምና አድርሳዋለች። ከምግብ በኋላ ድንገት ሲውጥ የሚወጋው ወይም ሆዱን አጥብቆ የሚያመው ሰው ቢኖር ወደ ሐኪም ውሰዱት፤ በሽቦ ብሩሽ የጸዳ ፍርግርግ እንደ ነበረም አስታውሱና ንገሩ። ለማጽዳቱ ግን ቀላል ዘዴ አለ። ፍርግርጉ ገና ትኩስ ሳለ በጠፍጣፋ ብረት ፋቁት፤ ከዚያም ግማሽ ቀይ ሽንኩርት በዚያ በረጅሙ ሹካ ሰክታችሁ ከላይ እስከ ታች እሹት። ሹካው ለዚህ ይበጃል!

መቆንጠጫ ሁለት ይኑራችሁ የምንለው ለቅንጦት አይደለም። ጥሬውን ሥጋ ያነሣው መቆንጠጫ የበሰለውን ሲያነሣ፥ እሳት የገደለውን ጀርም መልሶ ይጨምርበታል፤ በዶሮ ይህ ይብሳል። ሁለተኛ መግዛት ካልተቻለ አንዱን በመካከል በሳሙናና በሙቅ ውኃ እጠቡት። የሥጋ ቴርሞሜትር ያለው ሰው ለዶሮ 74፥ ለተፈጨ ሥጋ 71 ዲግሪ ይጠብቅ፤ ይህችን ትንሽ ዕቃ ከሣጥኑ ሙሉ ብሩሽና ሹካ አስበልጠን እንወዳታለን።

የከሰሉ መቆንጠጫ ግን ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ይሁን፤ አመድና ምግብ አይገናኙ። ፍም በጣታቸው አንሥተው የሚያስቀምጡ እናቶች እንዳሉ እናውቃለን፤ ሙያቸውን እናደንቃለን፥ ልጆቻቸው ግን እያዩ እንዲማሩት አንፈልግም። የፍም ዕቃውን ሥራው ሲያበቃ በመሬት ላይ አትጣሉት፤ ግድግዳ ላይ በረጅም ሚስማር ስቀሉት። ብረት ቅላቱ ከጠፋ በኋላም ብዙ ጊዜ ይፋጃል፤ በመልኩ ከቀዝቃዛው ስለማይለይ ሕፃን ልጅ ሮጦ ይይዘዋል።