ሥልጣኑን ማን መልሶ ይወስደዋል?

በሻይ ክበብ ስንከራከር አንዱ ወገን «አሐዳዊ ማለት ጭቆና ነው» ይላል፤ ሌላው «ፌዴራላዊ ማለት መበታተን ነው» ብሎ ይመልሳል። እንደኔ አስተያየት ሁለቱም ልክ አይደሉም። ነገ ሰሌዳ ፊት የምንቆም ዕጩ መምህራን ስለሆንን ነገሩን አጥርተን ማወቅ ይገባናል።

በአሐዳዊ ሥርዓትም የአካባቢ ምክር ቤት ይኖራል። ቁም ነገሩ ሥልጣኑ ከየት መጣ፣ ማንስ መልሶ ሊወስደው ይችላል የሚለው ነው። በብሪታንያ የታላቋ ለንደን ምክር ቤት በሕዝብ የተመረጠ ነበር፤ ነገር ግን ፓርላማው ሕግ አወጣና በ1986 እ.ኤ.አ. አፈረሰው። የሰጠው ማዕከሉ ነውና የነሣውም ማዕከሉ ሆነ። በአሜሪካ ግን ኮንግሬስ አንድን ስቴት በተራ ሕግ ሊሰርዝ አይችልም። የሁለቱም ሥልጣን ምንጭ ሕገ መንግሥቱ ነው፤ እሱን ለማሻሻል ደግሞ ከ50ዎቹ ስቴቶች የ38ቱ ማጽደቅ ያስፈልጋል።

ታዲያ ፌዴራላዊ የሚለው ስም ብቻውን ይበቃል ወይ? አይበቃም! የራሳችንን ታሪክ እንይ። ኤርትራ በመስከረም 1945 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትተሳሰር የራሷ ምክር ቤት፣ የራሷ ባንዲራ፣ የራሷም የሥራ ቋንቋዎች ነበሯት። ይሁን እንጂ ፌዴራል መንግሥት የሚባለው ያው የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ስለነበረ፣ ውሉ ሲጣስ የሚዳኝ ገለልተኛ አካል አልነበረም። መብቱ ቀስ በቀስ ተሸራረፈ፤ ባንዲራውም ወረደ፤ በኅዳር 1955 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ጭራሽ ፈረሰ። በ1953 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ 30 ዓመት ፈጀ። ስንት እናት አለቀሰች!

ዛሬም ጉዳዩ ከእኛ ሙያ የራቀ አይደለም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት ክልሎች የሥራ ቋንቋቸውን በሕግ ይወስናሉ። ሕገ መንግሥቱን የመተርጐም ሥልጣን ደግሞ የፍርድ ቤት ሳይሆን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ይህ ይሻላል አይሻልም የሚለው ራሱን የቻለ ክርክር ነው።

ስለዚህ ክፍል ስንገባ ተማሪውን ትርጓሜ ብቻ አናስሸምድደው። ሦስት ጥያቄ እንስጠው፦ ሥልጣኑን ማን ሰጠ? ማን ሊነሣ ይችላል? ውሉ ሲፈርስ ማን ይዳኛል? በመፈክር ያደገ ልጅ ለጠብ ይቸኩላል፤ መጠየቅ የለመደ ግን ቆም ብሎ ያስባል። የተለየ አስተያየት ያላችሁ ጓደኞችና መምህራን ጻፉበት፤ ግድግዳው የጋራችን ነው።