የዩኒቨርሲቲዎች ደቦ

የምርምር ገንዘብ ላብራቶሪ ከመድረሱ በፊት የሚያልፍባቸው ጠረጴዛዎች ብዙ ናቸው፦ የፕሮፖዛል በጀት፣ የዲን ፊርማ፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ፣ ከዚያም ሪፖርት በሪፖርት ላይ። ታዲያ ይህን ሁሉ የሚከታተል ሶፍትዌር እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ለየብቻው መሥራት አለበት?

የዚህ እትም ዋና ጽሑፍ ዩኒቨርሲቲዎች ለዚሁ ሥራ በጋራ ስለሠሩት ሶፍትዌር፣ ስለ ኩዋሊ ኮየስ ነው። መነሻው በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም (ኤም.አይ.ቲ.) ለራሱ የሠራው ኮየስ የተባለ ሥርዓት ነው። ኢንዲያናን፣ ኮርኔልንና አሪዞናን የመሳሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች ገንዘብና ባለሙያ አዋጥተው፣ ኮዱን ክፍት አድርገው እንደ አዲስ ገነቡት።

ነገሩ ደቦ ነው፤ ደቦ ደግሞ ጣጣ አያጣውም። የአንዱ ግቢ የፊርማ ቅደም ተከተል ለሌላው አይገጥምም። የማን ፍላጎት ይቅደም የሚለው ክርክርም (ስብሰባ የሚወድ ካለ መቼም ዩኒቨርሲቲ ነው) ጊዜ ይበላል። እ.ኤ.አ. በ2014 የጋራ ሥራውን ያስተባብር የነበረው የኩዋሊ ፋውንዴሽን የንግድ ኩባንያ እንደሚያቋቁም ሲያስታውቅ፣ ጉዳዩ የጋራ ሆኖ ይቀጥል ይሆን የሚል ጥርጣሬ ተነሣ። እኔ ጥርጣሬው ተገቢ ነበር ባይ ነኝ፤ ኮድ ክፍት ሆኖም ውሳኔው የጥቂቶች ሊሆን ይችላል። ጸሐፊያችን ግን በዚህ አይስማሙም።

በምርምር ጽሕፈት ቤት የምትሠሩ አንባቢዎቻችን፣ ጽሑፉን አንብባችሁ በእናንተ ዘንድ ሥራው እንዴት እንደሚሄድ ጻፉልን፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።