የስንቁ ሂሳብም ወደ ክፍል ይግባ

ስለ ትምህርት ጥራት ሲነሳ መጽሐፍ፣ ፈተናና ላቦራቶሪ ቶሎ ትዝ ይሉናል። ስለ ዱቄት፣ ስለ ከሰልና ስለ ቤት ኪራይ ግን ሲወራ ብዙም አይሰማም። እኛ ዕጩ መምህራን ዛሬ ስለ እነዚሁ ጥቂት ማለት እንወዳለን። ተማሪን ከክፍል ከሚያስቀሩት ነገሮች መካከል እነሱም አሉበትና።

እንደሚታወቀው በጋሞ ደጋ በሰፈራቸው አቅራቢያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሌላቸው ልጆች ወደ ወረዳ ከተማ ወይም ወደ አርባ ምንጭ ወርደው ይማራሉ። በሲቀላና በሴቻ ጓሮ ውስጥ ጠባብ ክፍል ይከራያሉ። እሑድ ስንቃቸውን ተሸክመው ይመጣሉ፣ ዓርብ ደግሞ ባዶ ጆንያቸውን ይዘው ወደ ቤተሰብ ይመለሳሉ። እንግዲህ እነዚህ ልጆች በ15 እና በ16 ዓመታቸው ቤት አስተዳዳሪ ሆኑ ማለት ነው። ኧረ ለመሆኑ ቤት ማስተዳደርን ማን አስተማራቸው?

ነገሩን በቁጥር እንየው። ወንድምና እህት 6 ኪሎ የበቆሎ ዱቄት ይዘው መጡ እንበል። ከሰኞ እስከ ዓርብ 5 ቀን ነው፤ ስለዚህ ለቀን የሚደርሳቸው 1 ኪሎ ከ200 ግራም ነው። በግምት እየዘገኑ በቀን 1 ኪሎ ተኩል ካበሰሉ ግን ዱቄቱ ሐሙስ ማታ ያልቃል። ዓርብ ወይ በባዶ ሆድ ክፍል መግባት ነው፣ ወይ ትምህርቱን ትቶ በማለዳ ወደ ቤት መሄድ ነው። መምህሩ በስም መጥሪያው ላይ «ቀሪ» ብሎ ይጽፋል። ይህ ማካፈል የ4ኛ ክፍል ተማሪ የሚሠራው ነው። ልጁ በደብተሩ ላይ አካፍሎ ያውቃል፤ በጆንያው ላይ እንዲያካፍል ግን አላሳየነውም። ሚዛን የለም እንዳይባል ጣሳ አለ። አንድ ጣሳ ዱቄት ስንት ኪሎ እንደሚሆን ወፍጮ ቤት ሄዶ አንድ ጊዜ ማስመዘን ይበቃል።

በዚህ ላይ «የደሃ ልጅ ምኑን ይቆጥባል? ችግሩ ማጣት እንጂ አለማወቅ አይደለም» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው። 3 ኪሎ ብቻ ይዞ የመጣን ልጅ ማካፈል ብቻውን አያጠግበውም። ለእሱ የሚያስፈልገው ምግብ ነው፣ ይህንንም ከማለት አንቦዝንም። ነገር ግን ያለው ሰው ቢሳሳት ነገ ሌላ ይገዛል፤ የሌለው ሲሳሳት ግን ጾሙን ያድራል። ስለዚህ ሂሳቡ ከማንም ይልቅ ለደሃው ልጅ ያስፈልጋል እንላለን።

አሁን ደግሞ ስለ እህቲቱ እናንሳ። ሁለቱም አንድ ክፍል ይማራሉ፣ አንድ ፈተና ይፈተናሉ። ማታ ግን እሱ መጽሐፍ ይገልጣል፣ እሷ ሊጥ ታቦካለች፤ እሱ ያጠናል፣ እሷ ልብስ ታጥባለች። በመጨረሻ ውጤቷ ሲያንስ «ሴት ልጅ ትምህርት አይሆንላትም» ይባላል። እንዴ! የማጥኛ ሰዓቷን ማን ወሰደባት? የቤት ሥራ የሴት ነው የሚለው አባባል ከሰማይ የወረደ አይደለም። ጎረቤታችን ዶርዜ ምስክር ነው። እዚያ ጥጡን ሴቶች ይፈትላሉ፣ ሸማውን ደግሞ ወንዶች ይሸምናሉ። የዶርዜ ወንድ ቀኑን ሙሉ ክር ይዞ ሲውል ወንድነቱ አልጎደለም። ታዲያ ወንዱ ተማሪ መርፌ ቢይዝ፣ ድስት ቢጥድ ምን ይጎድልበታል?

በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ በኋላ በተሰጠው የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርት ውስጥ «ቁጠባ» አንድ ራሱን የቻለ ርዕስ ነበር። እኛም ተምረነዋል፣ ትርጉሙንም በቃላችን ወርደነዋል። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ በ7ኛና በ8ኛ ክፍል የሙያና ቴክኒክ ትምህርት ገብቷል፤ ይህ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ትርጉም መሸምደድና በእጅ መሥራት ለየቅል ናቸው። «ሙያ በልብ ነው» ይባላል፤ በልብ ብቻ የቀረ ሙያ ግን ለተማሪ አይደርስም።

ለትምህርቱ የሚሆን ምሳሌ በአካባቢያችን ሞልቷል። ዕቁብን እንውሰድ። 10 ሰዎች በየሳምንቱ 100 ብር ቢጥሉ ባለዕጣው 1,000 ብር ይወስዳል። የመጀመሪያው ባለዕጣ ያለ ወለድ እንደ ተበደረ ይቆጠራል፤ የመጨረሻው ደግሞ ለሌሎች አበዳሪ ሆኖ ነው የቆየው። በመሀል የዕቃ ዋጋ ቢጨምር ማን ተጎዳ? ተማሪዎች ይከራከሩበት። አራጣንም እናምጣ። 1,000 ብር በወር ከመቶ 10 ወለድ የተበደረ ሰው በየወሩ 100 ብር ቢከፍል በዓመቱ 1,200 ብር ከፍሎ ዋናው ዕዳ እንዳለ ይጠብቀዋል። «በወር» እና «በዓመት» የምትለዋ አንዲት ቃል ስንቱን ቤት አፍርሳለች!

ከጋሞ ተነሥተው አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ የሚሸምኑ ወጣቶችም አሉ። በ900 ብር ክር ገዝቶ በ6 ቀን የሠራውን ሸማ በ1,500 ብር የሸጠ ልጅ 600 ብር አተረፍኩ ይላል። የ6 ቀን ምግቡንና ኪራዩን ቢቀንስስ ምን ይተርፈዋል? ይህም የክፍል ጥያቄ ይሁን። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ የብዙ ሰው ገንዘብ በስልኩ ውስጥ ነው። የሚስጥር ቁጥርን ለማንም አለመስጠት በፊት በርን ቆልፎ ከመውጣት ጋር እኩል የቤት ትምህርት ሆኗል።

«ክፍለ ጊዜው ሞልቷል፣ ይህን የት እናስገባው?» የሚሉ መምህራን ይኖራሉ። እኛ አዲስ የትምህርት ዓይነት አልጠየቅንም። የሂሳብ ክፍለ ጊዜ አለ፤ ከመጽሐፉ ምሳሌ አንዱ በጆንያው፣ በዕቁቡና በሸማው ይተካ። በታችኛው ክፍል ደግሞ በጋሞኛ ይሰጥ፤ ልጁ የእንሰቱንና የቆጮውን ቃል ከእናቱ የሰማው በዚያ ነውና። እናቶችና ሸማኔዎች አንዳንድ ቀን ክፍል ገብተው እጃቸውን ያሳዩን።

ከዚያ በፊት ግን ከራሳችን እንጀምር። ከተመረቅን በኋላ ብዙዎቻችን ሩቅ ቀበሌ እንመደባለን። ደመወዝ በገባ በሳምንቱ ከቀበሌው ሱቅ በዱቤ ስኳር የሚወስድ መምህር ስለ ቁጠባ ቢያስተምር ተማሪው በሆዱ ይስቃል፣ ባለሱቁም ይስቃል። ስለዚህ በግቢያችን ወንዱም ሴቱም የሚሳተፍበት የቤት አያያዝ ክበብ ይቋቋም። ወጪ መመዝገብ፣ ቁልፍ መትከል፣ ወጥ መሥራት እንማማርበት። መምህራኖቻችንም ወደ ተግባር ልምምድ ስንወጣ ከምናዘጋጀው የትምህርት ዕቅድ ቢያንስ አንዱ በቤት ሂሳብ ላይ እንዲሆን ቢፈቅዱልን እንጠይቃለን። ክበቡን ለመጀመር ፈቃደኛ የሆናችሁ ከዚህ ጽሑፍ በታች ባለው ባዶ ወረቀት ላይ ስማችሁን አስፍሩ። ወንዶች፣ እናንተ ቅደሙ!