የባለ ጥቂት አክሲዮን ጥያቄ

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1930ዎቹ መጀመሪያ ላይ፤ ሉዊስ ጊልበርት የተባለ አሜሪካዊ በአንድ የኒውዮርክ የጋዝ ኩባንያ ዓመታዊ ስብሰባ ተገኘ። የነበረው አክሲዮን 10 ብቻ ነው። ሊጠይቅ ቢነሣ ሊቀ መንበሩ እንዳላየ አልፎት ስብሰባውን ለምሳ በተነ። ጊልበርት ግን ነገሩን አልተወውም፤ ቀሪ ዘመኑን ከአንዱ ኩባንያ ስብሰባ ወደ ሌላው እየዞረ ሲጠይቅ ኖረ። በ1942 የአገሩ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፤ ባለአክሲዮን የሚያቀርበውን ሐሳብ ኩባንያው ከራሱ የስብሰባ ወረቀት ጋር እንዲልክ የሚያስገድድ ደንብ አወጣ።

ይህን ያነሣነው በአገራችንም የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ስለ ተከፈተ፤ ከመምህሮቻችንም መካከል ከደመወዛቸው ቆጥበው አክሲዮን የገዙ ስላሉ ነው። ከእነርሱ የምንሰማው ስሞታ ትርፍ አነሰ የሚል አይደለም። የስብሰባው ጥሪ እነርሱ በማያነቡት ጋዜጣ ይወጣል፤ የሒሳቡ ሪፖርት በዕለቱ በር ላይ ይታደላል፤ ንግግሩ ይረዝምና የጥያቄው ሰዓት ያልቃል። (ይህ በሽታ የእኛንም ማኅበር ስብሰባ ሳይነካው አልቀረም።) ደብዳቤ ቢጽፉ መልስ የለም።

ሥራ አስኪያጆቹ፤ ለብዙ ሺህ ሰው አንድ በአንድ መመለስ አይቻልም ይሉ ይሆናል። ገንዘቡ ሲሰበሰብ ግን እያንዳንዱ ሰው በስሙና በስልኩ ተመዝግቦ ነበር። ያ መዝገብ ወዴት ሄደ? ሪፖርቱ ከስብሰባው ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይላክ፤ በአዳራሹ ያልተመለሰ ጥያቄም በጽሑፍ ይመለስ። ወጪው ለዕለቱ ከሚሰናዳው መስተንግዶ ይበልጣል ብለን አናምንም።