የማናውቀውን ቅጠል ስናወድስ

ባለፈው እትማችን ስለ አገር ቤት መድኃኒት የወጣችውን መጣጥፍ ሦስት ጊዜ አነበብኳት። ሁለቱን ጊዜ ቋንቋዋ ጣፍጦኝ፣ ሦስተኛውን ጊዜ ተናድጄ። ጸሐፊው ወዳጄ ነው፤ ለምሳ አብረን ነው የምንሰለፈው፤ ስሙን መጥራት አያስፈልግም፣ እሱ ራሱ ያውቀዋል። በመጣጥፉ ውስጥ ጤና አዳም አለ፣ ዳማ ከሴ አለ፣ ጦስኝ አለ፣ የወይራ ጢስ አለ፣ አያት አለች፣ ምድጃ አለ። የሌለው ቅጠሉ ምን እንደሚሠራ ነው። ስንት ቅጠል? ተቀቅሎ ነው ተጨምቆ? ለማን ይሰጣል፣ ለማን አይሰጥም? መቼ ነው «ይህስ ከእኔ በላይ ነው፣ ሐኪም ቤት ውሰዱት» የሚባለው? ስለዚህ አንዲት ቃል የለም። «የአባቶች ጥበብ» የምትለው ሐረግ ግን አምስት ጊዜ ተጽፋለች፤ ቆጥሬያታለሁ።

ቅጠል ጠል እንዳልባል፣ እኔም ያደግሁት በዚያው ምድጃ ዳር ነው። ምች ሲመታኝ አያቴ ከጓሮ ዳማ ከሴ ቀጥፋ፣ በመዳፏ መካከል አሽታ፣ በነጠላዋ ጫፍ ጨምቃ፣ አረንጓዴውን ጭማቂ ቡና ላይ ጠብ አድርጋ ታጠጣኝ ነበር። የተረፈውን ግንባሬንና አፍንጫዬን ትቀባኛለች። ላብ ያጠምቀኛል፤ እተኛለሁ፤ ስነቃ ርቦኛል። ይህን ያየ ሰው ቅጠል አይንቅም። የእኛው አገር ተመራማሪዎችም ከዳማ ከሴ ቅጠል የወጣውን ፈሳሽ በአይጥ ላይ ሞክረው ትኩሳት ሲያበርድ አይተዋል። ስለዚህ ጠቤ ከቅጠሉ ጋር አይደለም።

አምና የሆነውን ልንገራችሁ። ዶርማችን ውስጥ ከእኔ በላይ ካለው አልጋ የሚተኛ ጓደኛችን ያስለው ጀመር። በመጀመሪያው ሳምንት ዝንጅብል በማር ሰጠነው። በሁለተኛው ጦስኝ አፈላን። በሦስተኛው ነጭ ሽንኩርት። በአራተኛው ከገበያ በላስቲክ የተቋጠረ፣ ሻጩም ስሙን ያልነገረን ዱቄት ገዛንለት፤ እኔም አዋጥቻለሁ። ልጁ እየከሳ ነበር፤ ማታ ማታ አንሶላው እስኪርስ ያልበው ነበር፤ «ላቡ በሽታውን እያወጣው ነው» ያልነው እኛ ነን፣ ዩኒቨርሲቲ የገባነው፣ ስለ ሥነ ጽሑፍ ሒስ የምንከራከረው። በአምስተኛው ሳምንት አክታው ደም ነካ። የሳምባ ነቀርሳ ነበር። ስድስት ወር ክኒን ውጦ ዳነ፤ ዓመቱ ግን ከእጁ ወጣ፤ እኛም ተራ በተራ ተሰልፈን ተመረመርን።

ጦስኙ ምን አጠፋ? ምንም! ነቀርሳውን ጦስኝ አላመጣውም። ጦስኝ ለጉሮሮ ደግ ነገር ነው፤ ዛሬም አፈላዋለሁ። አምስቱን ሳምንት የበላው አፋችን ነው፤ «የአገር መድኃኒት እያለልህ» የሚለው አፋችን። ያ አፍ ደግሞ ከየት ተማረ? ከእንዲህ ያለው መጣጥፍ ነው እንጂ ከየት ይማራል።

ከወዲያ ማዶ ሌላው ወገን አለ። ቅጠል ሁሉ ጥንቆላ፣ ቀማሚ ሁሉ ደብተራ፣ ደብተራ ሁሉ መተተኛ የሚመስለው። ቀን ሲስቅ ውሎ ማታ በብርድ ልብስ ተሸፋፍኖ የሚታጠን። ይህ ሰው አዲስ ፍጡር አይደለም፤ የዘር ሐረጉ ረጅም ነው። ጥሬ ሥጋ የሚበላ መኳንንት ሁሉ በየሁለት ወሩ ኮሶውን ይጠጣ በነበረበት ዘመን፣ ያን ሁሉ ሆድ የምታጸዳው ኮሶ ሻጭ ምን አገኘች? ስድብ። ካሣ ኃይሉን ለማዋረድ የፈለጉ ሹማምንት ያገኙት ትልቁ ስድብ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» የሚል ነበር። ደጃዝማች ወንድይራድ ይህንኑ እየፎከረ ዘመተበት፤ ተሸንፎ በተማረከ ጊዜም ካሣ ያንኑ ኮሶ ግታው እንዳለው ይተረካል። ይህን ታሪክ መድረክ ላይ ስናይ የምናጨበጭበው ለበቀሉ ነው። ስለ ሴትዮዋ እውቀት ማን ጠየቀ? የትኛውን አበባ እንደምትለቅም፣ እንዴት እንደምታደርቅ፣ ለደካማ ስንት እንደምትቀንስ? ነገሩ ቀላል አይደለም፤ ኮሶ ከልኩ ሲያልፍ ዓይን ድረስ ይጎዳል። ልኩን የያዘችው ተሰዳቢዋ ሴትዮ ነበረች።

እኛ ሳንጠይቅ ሌላው ጠየቀ፤ በስሙም ጠራው። ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ኮሶን በእንግሊዛዊው በባንክስ ስም ሰየመው። ወዲያው ሌላ ሊቅ በጀርመናዊው መድኃኒት ቀማሚ በሃገን ስም ቀየረው፤ ዛሬም የሳይንስ መጠሪያው ይኸው ነው። ቆይቶ ደግሞ ኮሶን በቁስጥንጥንያ ባወቀው በፈረንሳዊው ሐኪም በብራየር ስም ተጠራ። አንድ ዛፍ፣ ሦስት የአውሮፓ ሰው። የጎንደር ኮሶ ሻጭ ስም የሚገኘው በስድብ መዝገብ ብቻ ነው።

እስቲ አሁን ወደ ዓድዋ እንሻገር። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1964 ነው። አክሊሉ ለማ የሚባል ወጣት ተመራማሪ ቢልሃርዚያን የሚያዛምቱትን ቀንድ አውጣዎች ሊያጠና ወንዝ ወርዷል። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። እነሱ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣው ሞቶ አየው፤ ከፍ ብሎ ያለው በሕይወት አለ። ስንቱ ሰው ያንን ወንዝ ተሻግሯል! አክሊሉ ግን ስንኝ አልቋጠረም። በሕይወት ያሉትን ሰብስቦ አንዷን ሴት «እስቲ ከአረፋሽ ጨምሪልኝ» አላት። ሞቱ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነው፤ አሰልቺ፣ ቅኔ የሌለው ሥራ፦ የትኛው ዓይነት እንዶድ ይበረታል፣ ስንት ፍሬ ለስንት ውኃ፣ ዓሣውንስ ምን ያደርገዋል፣ ወንዙን ለሚጠጣው ከብትስ? ከ1969 እስከ 1974 እዚያው ዓድዋ በተደረገው ሙከራ ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ባሉ ልጆች ላይ በሽታው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። የውጭው ዓለም ለማመን ዓመታት አንገራገረ፤ በ1989 አክሊሉና ባልደረባው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ተቀበሉ። በ1990ዎቹ ደግሞ አሜሪካን አገር ያለው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ፣ በታላላቆቹ ሐይቆች የውኃ ቧንቧ የሚደፍነውን ዛጎል ለበስ በእንዶድ ስለመግደል የፓተንት ባለመብት ሆነ። የዓድዋ ሴቶች ልብሳቸውን ያጥባሉ። የእነሱን ስም እኔ አንድም ቦታ አላነበብኩም።

ያው እንዶድ ደግሞ ጽንስ ለማስወረድ ሲጠጣ ሴት ይገድላል። አንድ ፍሬ ነው፤ ልብስ ያነጣል፣ ቀንድ አውጣ ይፈጃል፣ ሰው ይቀብራል። «የእናት ጓሮ መድኃኒት ጉዳት የለውም» የሚል ሰው እዚህ ላይ ምን እንደሚመልስ መስማት እፈልጋለሁ። መድኃኒት መሆኑን የምታምን ከሆነ መርዝ ሊሆን እንደሚችልም እመን እንጂ! ኃይል የሌለው ነገር ነው ለማንም በማንኛውም ልክ የማይጎዳው።

ወዳጄ ከሁሉ በላይ ያሞገሰው «ምስጢር ጠባቂውን አዋቂ» ነው። ሥር ማሹ ጎሕ ሳይቀድ ይወጣል፣ ከሰው ጋር አይነጋገርም፣ የቅጠሉን ስም አይጠራም፤ ስሙ ከተጠራ አይሠራምና። ለበኩር ልጁ የሚነግረው ሊሞት ሲል ነው። ለልብ ወለድ ማለፊያ ነው፤ እኔም ብጽፈው ደስ ይለኛል። ለጤና ግን መቅሠፍት ነው። ልጁ ከተማ ገብቶ ሹፌር የሆነ እንደሆነስ? አባትየው በድንገት የሞተ እንደሆነስ? ደግሞ ስሙ ያልተጠራ ቅጠል የበላ ሰው ቢመረዝ ሐኪሙ ምን ብሎ ይፍታው? በሽተኛው ምን እንደጠጣ አያውቅ፤ የሰጠው አይናገር። የወፍ በሽታ የያዘው ሰው ዓይኑ እንደ እርድ ቢጫ ሆኖ፣ ጉበቱ በደከመበት ሰዓት፣ ምንነቱ ያልታወቀ ነገር በብርጭቆ ይጋታል። ምስጢሩ የሚጠብቀው እውቀቱን አይደለም፤ ገበያውን ነው። በእርግጥ ለድሃ አዋቂ ገበያው እንጀራው መሆኑን አልክድም። ግን ጥበብ ብለን አናጨብጭብለት።

የዛሬውማ ምስጢር ጠባቂ ጎሕ ሲቀድም አይወጣም። ኮንሶ ሄዳችሁ ብታዩ ሽፈራው ጎመን ነው፤ ሰው በየቀኑ ከኩርኩፋው ጋር ቀቅሎ ይበላዋል፤ ደግ ምግብ። አዲስ አበባ ሲደርስ ዱቄት ሆኖ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል፣ ወረቀት ይለጠፍበታል፣ ለስኳር፣ ለደም ግፊት፣ ለካንሰር፣ ለመካንነት ይሆናል። ስኳር ያለባት እናት መርፌዋን ትታ ጠርሙሱን ስትገዛ የኮንሶን ባህል እየተከተለች ይመስላታል። ኮንሶ እንዲህ አላለም!

ከ80 በመቶ በላይ የሆነው ሕዝባችን በባህል መድኃኒት ይጠቀማል የሚለውም ነገር አለ። ይህ ቁጥር ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ ሲገለበጥ ኖሯል፤ ወዳጄም ገልብጦታል፣ በኩራት። ለምን እንደሚጠቀም ግን አልጠየቀም። ወዶ ነው ወይስ ጤና ጣቢያው የግማሽ ቀን መንገድ ሆኖበት? የገበሬን ማጣት ምርጫው አስመስሎ እንደ ጌጥ አንገት ላይ ማንጠልጠል የእኛ የተማርን ነን ባዮች በሽታ ነው፤ ለእሱ ደግሞ ቅጠል አልተገኘለትም።

እኛ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ታዲያ ምን አገባን? ያገባናል፤ እንዲያውም ከማንም በላይ። በ1960ዎቹ ቻይኖች የወባ መድኃኒት ሲፈልጉ ቱ ዩዩ የምትባለው ተመራማሪ የድሮ መጻሕፍት አገላበጠች። ከ1,600 ዓመት በላይ ያስቆጠረ፣ የገ ሆንግ የሚባል ሊቅ መጽሐፍ ያንን ተክል በውኃ ዘፍዝፎ ጨምቆ መጠጣትን ያዛል፤ ማፍላትን አያነሳም። እሷ ያችን «አያፈላም» የምትለዋን ነገር አስተዋለች፤ ሙቀቱ መድኃኒቱን እያጠፋው ይሆን ብላ ሙቀቱን ቀነሰች፤ ተሳካላት። በ2015 የኖቤል ተሸላሚ ሆነች። እኛ አገር ወባ የያዘው የሚውጠው ኮአርተም የዚያች ዓረፍተ ነገር የልጅ ልጅ ነው። ይህ የአንባቢ ሥራ ነው፤ ቃል በቃል የማንበብ ሥራ፤ የእኛ ሥራ!

የእኛ መጽሐፈ መድኃኒትስ? በየገዳሙና በየደብተራው ቤት የተጻፈው፣ ሥርና ቅጠሉ ከአስማትና ከጸሎት ጋር የተቀላቀለው? ሰብስቦ፣ አነጻጽሮ፣ የተክሉን ስም አንድ በአንድ ለቅሞ ሁለት ትልልቅ ጥራዝ ያሳተመው ስቴፋን ስትሬልሲን የተባለ ፖላንዳዊ ነው፤ በ1968 እና በ1973፤ በፈረንሳይኛ። የአባቶቻችንን የመድኃኒት ማዘዣ ለማንበብ ፈረንሳይኛ እንማር ማለት ነው። ሰውየውን አመሰግነዋለሁ፤ የማፍረው በእኛ ነው። ስሙ ራሱ ሥራ ነው፦ የእኛ ግራዋ በኦሮምኛ ኤቢቻ ነው፤ ብሳና በከኒሳ ነው፣ በትግርኛ ታምቡኽ፤ እንዶድ ሽብቲ ነው። አንድ ስም በሁለት አውራጃ ሁለት ቅጠል ሊሆን ይችላል፤ አንዱ የሚያድን፣ አንዱ የሚጎዳ። ይህን ማን ይለይ? ኬሚስቱ ስም አይለቅም፤ እሱ የሚጠብቀው ቅጠሉ ተለይቶ እንዲመጣለት ነው።

ባለፈው ክረምት አገር ቤት ሄጄ፣ ከጓደኛችን ነገር በኋላ ማለት ነው፣ አያቴን ጠየቅኋት፦ «እማማ፣ ዳማ ከሴ እምቢ ሲልሽስ?»

ሳቀች። «በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ካለቀቀ ምች አይደለም። አንገቱን ካደረቀው፣ ትንፋሽ ካጠረው፣ ሦስት ቀንም አልጠብቅ፤ ጤና ጣቢያ ነው። ሳል ከሰነበተ የእኔ አይደለም። ለነፍሰ ጡር ኮሶ አልሰጥም፤ ጤና አዳምም ቡና ላይ አንዲት ቅንጣት ነው እንጂ አላበዛባትም።»

«ይህን ሁሉ ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?»

«መች ጠየቅኸኝ?»

ወዳጄ ሆይ፣ ያንተዋም አያት እንዲህ ያለ ነገር ሳታውቅ አትቀርም፤ መጣጥፍህ ውስጥ ግን ምድጃ ዳር አስቀምጠህ አፏን ለጎምካት። እኔ የአያቴን በደብተሬ ይዤዋለሁ፦ አሥራ አንድ ቅጠል፣ በየትኛው ቀበሌ ምን እንደሚባል፣ ስንት፣ ለማን፣ መቼ እንደማይሠራ፤ ሁለቱን እሷም «አላውቅም፣ ሲሉ ሰምቼ ነው» ብላኛለች፤ እንዳለችው ጽፌዋለሁ። አዘጋጆቹን ለምኜ ለሚቀጥለው እትም አራት ገጽ አስለቅቄያለሁ። ሁለቱ የአንተ ነው። ከጎጃምም ከወላይታም ከራያም የምትመጡ፣ ለዕረፍት ስትሄዱ ጠይቃችሁ አምጡ፤ ቅጠሉን በጋዜጣ መሐል ተጭናችሁ አድርቁት፣ ስሙን በአገሩ ቋንቋ ጻፉበት። ገጽ ከጠበበ የትርፉን ስቴንስል ዋጋ እኔ እችላለሁ።